ውሻውን የሚይዘው ሰው ለምን አይጠየቅም?

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ስለ አዲስ አበባና ስለ ሌሎች ከተሞቻችን የጎዳና ውሾች የተጻፈ ነው። የጸሐፊው መነሻ ትክክል ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ የሚጎዳውም በአብዛኛው ድሃውንና ልጁን ነው። መድረሻቸው ላይ ግን ተለያየን። ከተማ ስለ ውሾች ደንብ ሲያወጣ ጤና ቢሮው፣ ግብርናውና ደንብ አስከባሪው ተቀምጠው ይጨርሱት፤ እንስሳት እንንከባከባለን የሚሉ ማኅበራትና ግለሰቦች፣ ውሻ አርቢዎችና ሻጮችም ጭምር፣ በረቂቁ ላይ ሊጠየቁ አይገባም ባይ ናቸው። ምክንያቶቻቸው ሲጨመቁ እነዚህ ናቸው፦ ምክክር ጊዜ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ይሞታል፤ ተንከባካቢዎቹ ስሜት እንጂ ሙያ የላቸውም፤ ገንዘባቸው ከውጭ ይመጣል፤ ችግሩ ቢፈታ እንጀራቸው ስለሚቀር እንዲፈታ አይፈልጉም፤ ለውሻ መቆርቆርም የእኛ ባህል አይደለም።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የየትኛውም ማኅበር አባል አይደለሁም። ከተንከባካቢዎቹ ጋር በክትባት ዘመቻ ላይ አብሬ ውያለሁ፣ በአንዳንድ ጉዳይ ደግሞ ተጨቃጭቀን ተለያይተናል፤ ጭቅጭቁንም ወደ ታች አነሳዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በጣም ከሚከብደው ክርክር ልጀምር፤ ጊዜና ሕይወት ከሚለው።

ጸሐፊው የበሽታውን ክብደት አላጋነኑም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ሲገምት ቆይቷል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹም ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ለኢትዮጵያ በብዛት የሚጠቀሰው ግምት በዓመት 2,700 ገደማ ሟች ነው። በሽታው ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በ1903 አዲስ አበባ ውስጥ ስለተነሳ ወረርሽኝ የተጻፈ መረጃ አለ፤ ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና ሁለት አሥርት ዓመት ሳይሞላት ማለት ነው።

ታዲያ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንሞክር የኖርነው ምንድን ነው? ዋናው መርዝ ነበር። ስትሪክኒን ያለበት ሥጋ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል። ያንን ጠዋት ያየ ሰው አይረሳውም። ስትሪክኒን አያደነዝዝም፤ ጡንቻን ነው የሚያኮማትረው። ውሻው ነፍሱን እያወቀ አንገቱ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ እግሮቹ ይገተራሉ፤ መኪና ባለፈ ወይም ሰው በነካው ቁጥር እንደገና ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ ደረቱ አልንቀሳቀስ ሲለው ያበቃል። ይህን ያነሳሁት ጸሐፊውን ለማሳዘን አይደለም፤ «ስሜት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በሽታው ጠፋ ወይ?

አልጠፋም፤ የማይጠፋበትም ምክንያት አለው። የተጣለውን ሥጋ የሚበላው የራበው ሁሉ ነው፤ የተከተበውም ያልተከተበውም። የተከተበ ውሻ ሲሞት የከተማው ክትባት አብሮ ይቀበራል። ቦታውም ባዶ አይቀርም። የቆሻሻ ገንዳውና የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ እስካለ ድረስ ከጎረቤት ሰፈር ሌላ ውሻ ይገባል፤ ውሻው የተገደለበት ዘበኛም ሌላ ቡችላ ፈልጎ ያመጣል። አዲስ መጪው ደግሞ ያልተከተበ ነው። ስለዚህ ከግድያው በኋላ በሰፈሩ ያለው የተከተቡ ውሾች ድርሻ ከበፊቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ጸሐፊው ለሰው ሕይወት ብለው የመረጡት መንገድ ሰውን ለባሰ አደጋ ያጋልጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ፍሎረስ ደሴት በሽታው በ1997 ሲገባ ጅምላ ግድያ ተመረጠ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ፣ በሽታው ግን ከደሴቲቱ አልወጣም። የሌላዋ የኢንዶኔዥያ ደሴት የባሊ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ክርክር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እዚያ በሽታው በ2008 መጨረሻ ሲታወቅ ባለሥልጣናቱ በቅድሚያ የሄዱት ወደ ስትሪክኒን ነው። ሰው ውሻውን መደበቅና ወደ ሌላ መንደር ማሸሽ ጀመረ፤ በሽታውም ከመንደር መንደር ተዛመተ። በዚህ መሀል የጎዳና ውሾችን ሲያክም የነበረ አንድ የአገሩ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር፣ ጸሐፊው «ስሜታውያን» ከሚሏቸው ዓይነት፣ ጂያንያርና ባንግሊ በሚባሉ ሁለት አውራጃዎች ውሾችን በመረብ እየያዘ በጅምላ መከተብ ጀመረ። መረብ መወርወር የሚችሉ፣ ውሻው በየትኛው ጥግ እንደሚያድር የሚያውቁ ልጆች ነበሩት። ውጤቱ ሲታይ መንግሥት አሠራሩን ተቀበለ፤ በ2010 መጨረሻም ክትባቱ ወደ መላው ደሴት ተስፋፋ። በተከታዮቹ ዓመታት የሰው ሞት እጅግ ወረደ። ማኅበሩ በ2008ም እዚያው ነበር። ጠርቶ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። እነዚያ የባከኑ ወራት የምክክር ዋጋ ናቸው ወይስ የአለመመካከር?

ሜክሲኮ በ2019 ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የማይሞትባት አገር መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ሲረጋገጥ ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። እዚያ የደረሰችው በየዓመቱ ባለማቋረጥ ውሾቿን በነፃ እየከተበች ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ሙያ የላቸውም ወደሚለው።

በሽታውን ለመግታት ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለበት ይባላል። ቢሮ ውስጥ ሲጻፍ ቀላል ቁጥር ነው። መንገድ ላይ ግን ጥያቄው ይከተላል፤ ከስንቱ ሰባ? የት ያሉት? ማን ይዟቸው?

የክትባት ቀን ጠዋት በወረዳው ግቢ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚመጡት ልጆች ናቸው። ገመድ አንገቱ ላይ ገብቶ የማያውቅ ውሻ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ ታስሮ ይጎተታል፤ አልሄድም ብሎ ሲተኛ ልጁ ታቅፎት ይመጣል፤ ሁለቱም አቧራ በአቧራ ሆነው ተራ ይይዛሉ። ልጁ ስሙን ሲጠየቅ ይናገራል፣ የውሻውን ስም ሲጠየቅ ግን ያፍርና ይስቃል። እስከ ረፋድ ድረስ ሰልፍ አለ። ከዚያ ሰልፉ ይሳሳል፤ እኛም በረዶው እየቀለጠ ያለ የክትባት ሳጥን ይዘን እንቀመጣለን። በሩ ላይ የሚያልፉትን ውሾች እናያቸዋለን፣ እነሱም ያዩናል፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አይሆንም። የሥጋ ቤቱ ውሾች፣ የጅምር ሕንፃው ውሾች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚያድሩት፤ የሁሉም የሆኑት፣ ስለዚህም ማንም የማያመጣቸው።

እነዚያን ያስከተቡልኝ ጋዋን የለበሱ ባልደረቦቼ አይደሉም። ማታ ማታ ትርፍራፊ እየሰበሰቡ የሚመግቧቸው አንዲት እናት ናቸው። ሲጠሯቸው መጡ። አንዱን ከአንገቱ ሥር በክንዳቸው አቅፈው ዓይኑን ወደ ጉልበታቸው አዞሩት፤ እኔ ከኋላ መርፌዬን ሰጠሁና ምልክቱን ቀባሁ። ቀጣዩ። የትኛዋ እንደወለደች፣ ቡችሎቹ በየትኛው ኮንቴይነር ሥር እንዳሉ፣ የትኛው ውሻ ካለፈው ክረምት ወዲህ የመጣ አዲስ እንደሆነ፣ የትኛው ሞተር ብስክሌት ሲያይ እንደሚናከስ በቃላቸው ያውቁታል። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ ያንን ግን አላውቅም ነበር፤ ጤና ቢሮውም አያውቅም። ከ70 በመቶ የሚጎድለው ክፍል ያለው እዚያ ነው። ይህ ሙያ ካልተባለ ሌላ ስም ይፈለግለት፤ ደንቡ ሲረቀቅ ግን ጠረጴዛው ላይ ያስፈልጋል።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። ጸሐፊው «ባለቤት አልባ» እያሉ የጻፏቸው ውሾች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። ቀን ግቢ ውስጥ ይውላሉ፣ ማታ በር ይከፈትላቸዋል፤ ወይም በተቃራኒው። ሰፈር ፈርሶ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ደግሞ ግቢ የሌለው ሰው ውሻውን ይዞ አይሄድም፤ ውሻው ፍርስራሹ ላይ ይቀራል፣ ለተወሰነ ጊዜም የድሮ ባለቤቱ እየተመላለሰ ያበላዋል። እንግዲህ ይህ ውሻ የማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1960 ጀምሮ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ነገር ግን ውሻ ሰው በነከሰ ማግስት የሰፈሩን ሰው ብትጠይቁት ያ ውሻ የማንም አይሆንም፤ ትናንት ያበላው የነበረ ሰው ዛሬ አይቶት አያውቅም። አሁን በዚህ ላይ የምዝገባ ክፍያና ቅጣት የሚጥል ደንብ ያለ ምክክር ቢወጣ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም። ባለቤት ያላቸው ውሾች በአንድ ሳምንት ውስጥ ባለቤት አልባ ይሆናሉ። ተንከባካቢዎቹን ብትጠይቋቸው ይህንን በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ይነግሯችሁ ነበር፤ እያንዳንዱን የተጣለ ውሻ ማን እንደጣለው የሚሰሙት እነሱ ናቸውና።

ጸሐፊው «ዓለም አቀፍ አሠራር» የሚል ሐረግ ሁለት ቦታ ላይ ተጠቅመዋል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስ እንስሳት ደንብ አለው፤ ምዕራፍ 7.7 የተጻፈው ስለዚሁ ስለ ውሾች ቁጥር አያያዝ ነው። በ2009 ጸድቆ በ2022 ተሻሽሏል። መንግሥታት የሚያቋቁሙት አማካሪ ቡድን የእንስሳት ሐኪሞችንና የውሻ ጠባይ አዋቂዎችን፣ የአካባቢ አስተዳደርንና የሰው ጤና ዘርፍን፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችንና ሕዝቡን እንዲያካትት ያ ሰነድ ይመክራል። ዓለም አቀፍ አሠራሩ ይኼ ነው።

ስለ ገንዘብ ያነሱትን በተረት አጅበውታል፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል»። ተረቱ ደስ ይላል። ውሻ የምናሳድገው እኮ እንዲጮኽ ነው። ቁም ነገሩ ላይ ግን፣ የውጭ ገንዘብ ሐሳብን ያቆሽሻል ከተባለ ብዙ ነገር ልናፈርስ ነው። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮው ጠባቂዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፓርኩ ዙሪያ የገበሬውንና የአርብቶ አደሩን ውሾች ሲከትቡ የኖሩት በውጭ ድጋፍ ነው። በ2003 በዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ከአካባቢው ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ከ500 ሲያንስ። ያንን ክትባት «የባዕድ አጀንዳ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ቢሾፍቱ ውስጥ የጋሪ አህያና ፈረስ የሚያክሙ ድርጅቶችም ገንዘባቸው ከብሪታንያ ነው፤ ባለጋሪው ቁስሉ የተጠረገለትን አህያ ይዞ ሲመለስ ይህን አይጠይቅም። ግልጽነት ከሆነ የሚፈለገው እስማማለሁ፤ በረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ የገንዘቡን ምንጭ ያስታውቅ። ሁሉ ስል መርዝና ክትባት አስመጪውንም ማለቴ ነው።

ችግሩ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ የሚለው ክስ ከሁሉ ደካማው ነው። በዚህ አካሄድ ሐኪም ሁሉ የበሽታ ወዳጅ ሊባል ነው። የተግባር ማስረጃው ደግሞ በተቃራኒው ነው። በሕንድ ጃይፑር ከተማ አንድ የእንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ ውሾችን እያመከነና እየከተበ ወደየቦታቸው ሲመልስ ኖሯል፤ በሠራበት ክፍል የውሾቹ ቁጥር ቀነሰ፣ የሰው ሞትም እየመነመነ ሄደ። ቡታን ከአንድ የውጭ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ጋር በ2009 የጀመረችውን ሥራ አስፋፍታ በ2023 በአገሪቱ ያሉትን ነፃ ተንቀሳቃሽ ውሾች ሁሉ ማምከኗን አስታወቀች። ለእንጀራው ሲል ችግሩን የሚያቆይ ሰው ውሻ አያመክንም።

በጥቅም መነጽር እንመልከተው ካሉ ግን የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ጸሐፊው አርቢውን፣ ሻጩንና ተንከባካቢውን በአንድ ከረጢት ከተው አሰሯቸው። ጥቅማቸው ግን የሚጋጭ ነው። በመኪና መንገድ ዳር ቡችላ አንጠልጥሎ የሚሸጠው ልጅ ከየት ነው የሚያመጣው? የጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ በውድ የተሸጠው ቡችላ በስድስት ወሩ ጆሮው አልቆም ሲል የት ነው የሚጣለው? የጥበቃ ድርጅቶች ያረጁ ውሾቻቸውን ምን ያደርጓቸዋል? ምንጩን ሳይነካ ጎዳናውን ብቻ የሚጠርግ ደንብ ሥራው አያልቅም። ስለዚህ አርቢውና ሻጩም መጠየቅ አለባቸው፤ ስለሚወደዱ ሳይሆን ደንቡ በዋነኛነት የሚያርፈው እነሱ ላይ ስለሆነና ማምለጫውንም የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን። ተንከባካቢዎቹ ቅዱሳን አይደሉም። መያዝ ከሚችሉት በላይ ውሻ የሚሰበስቡ አሉ። ጠባብ ግቢ ውስጥ ብዙ ቡችላ ሲከማች ፓርቮ የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ ጠርጎ ነው የሚወጣው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሞላበት ክፍል ውስጥ ቆሜ «አዲስ አትቀበሉ» ብዬ ለምኛለሁ፣ አልተሰማሁም። ጀርባው ተሰብሮ የሚሰቃይን ውሻ በመርፌ ማሳረፍ ነውር ነው ብለው የከለከሉኝም አሉ። መዝገብ አይዙም፤ የትኛው ተከትቧል ስትሏቸው «ይመስለኛል» ይሏችኋል። ጸሐፊው ይህንን ጽፈው ቢሆን ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር። መድኃኒቱ ግን ከጠረጴዛው ማባረር አይደለም፤ ሥርዓት ማበጀት ነው። ስኮትላንድ ከመስከረም 2021 ጀምሮ የእንስሳት መጠለያዎችና ለእንስሳት አዲስ ቤት የሚፈልጉ ድርጅቶች ፈቃድ እንዲያወጡና እንዲመረመሩ በደንብ አስገድዳለች። ለእኛም ይሄ ይሻለናል። አንድ መጠለያ በስንት ካሬ ሜትር ስንት ውሻ ይያዝ፣ አዲስ ገቢው ለስንት ቀን ለብቻው ይቆይ፣ የማሳረፍ ውሳኔ የማን ይሁን፤ እነዚህን መስፈርቶች መጠለያ አስተዳድሮ የማያውቅ ሰው ብቻውን ቢጽፋቸው ወይ የማይፈጸሙ ይሆናሉ፣ ወይ ጥሩውን ዘግተው መጥፎውን ያስቀራሉ።

መጠለያዎችን በቅጡ ያላሰበ ደንብ ምን እንደሚያስከትል ከእንግሊዝም መማር ይቻላል። እዚያ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለው የውሻ ዓይነት ሰዎችን ከገደለ በኋላ መንግሥት በ2023 መስከረም እገዳ እንደሚጥል አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 31 ጀምሮ መሸጥም ሆነ ለሌላ ሰው መስጠት ተከለከለ። በየመጠለያው የነበሩት የዚያ ዓይነት ውሾች ጠባያቸው ምንም ይሁን ምን ወደ አዲስ ቤት መሄድ የማይችሉ ሆኑ። መጠለያዎቹ ውሾቹን ለሞት መርፌ ይዘው ቀሩ። እገዳው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለእንግሊዞች እተወዋለሁ፤ ነገር ግን በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ የተሠራ ሥራ ሸክሙን የጣለው ችግሩን ባልፈጠሩት ላይ ነው።

ስለ ባህል የተጻፈው አንቀጽ አስገርሞኛል፣ ብዙ አልቆይበትም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከስልሳ አንበሶችና ከስልሳ ነብሮች መሀል የሚሥል ሕዝብ፣ የተጠማ ውሻ በጫማዋ ቀድታ ያጠጣችው ኃጢአተኛ ሴት ምሕረት ማግኘቷን በሐዲስ የሚማር ሕዝብ፣ ለእንስሳ መራራትን ከፈረንጅ ተማረ መባሉ ይከብዳል። በ2017 ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በነዋሪው ቁጣ ምክንያት በከተማው አስተዳደር ሲዘጋ ተቃውሞውን ከውጭ ያስመጣው የለም። ጉዳዩ አድጎ በየካቲት 2024 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድን ለ15 ዓመት የሚያግድ ውሳኔ አሳለፉ።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ምክክር የሚባለው ነገር በአገራችን ጊዜ ይበላል። የምናውቀው ምክክር በሆቴል አዳራሽ የሚደረግ ነው። ረቂቁ የሚታደለው ጠዋት በር ላይ፣ ከስም ማንጠልጠያው ጋር ነው። እስከ ሻይ ሰዓት የክብር እንግዶች ይናገራሉ፣ ከሻይ በኋላ ሦስት ሰው «እንደ አስተያየት» ይላል፣ አበል ይፈረማል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለድርሻ አካላት ተወያይተውበታል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ እንዲቀር ከሆነ የጠየቁት አብሬያቸው ነኝ። እኔ የምለው ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ነው። ባለሙያው በሁለት ሦስት ወረዳዎች ምሽት ላይ ወጥቶ ከሚመግቡት፣ ከዘበኞቹ፣ ከሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ ከእድሩ ዳኛ ጋር ይነጋገር። ረቂቁ ሲወጣ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይሰራጭ፣ የተወሰነ ሳምንት ይሰጠው፤ ከዚያ የመጣው አስተያየት ከነምላሹ ይታተም፤ ይህን ተቀብለናል፣ ይህን በዚህ ምክንያት አልተቀበልንም ተብሎ። ሁለት ወር አይፈጅም። ይህ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜም ክትባቱ መቆም የለበትም፤ ክትባት ደንብ እስኪወጣ አይጠብቅም።

በመጨረሻ ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ።

ሰው ሲነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጸበልም የባህል መድኃኒትም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህን ብዙ ሰው እየሰማ መጥቷል። ያልተሰማው ግን የውሻው ጉዳይ ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ከነከሰ አሥር ቀን ተይዞ ይታያል። በአሥረኛው ቀን በሕይወትና በጤና ካለ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተጀመረው ክትባትም ሊቆም ይችላል። ለብዙ ዘመን በአገራችን ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት በየቀኑ በሆድ ላይ ለሳምንታት የሚወጋ እንደነበረ ለሚያስታውስ፣ አዲሱን ክትባት ከኪሱ ለሚገዛም ቤተሰብ፣ ያ አሥር ቀን ትልቅ ነገር ነው። ውሻው ከሞተ ደግሞ ጭንቅላቱ ተቆርጦ በቅዝቃዜ ወደ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የሰፈር ጎረምሳ በድንጋይ ጭንቅላቱን የፈረከሰው ውሻ ለምርመራ አይሆንም፤ በመርዝ ሞቶ በቆሻሻ መኪና የሄደውም አይገኝም። ያኔ ሐኪሙ ምርጫ የለውም፤ ሁሉንም ነካሽ እንደታመመ ቆጥሮ ሙሉውን ክትባት ያዛል።

ደንቡ «የነከሰ ውሻ ለአሥር ቀን ይያዝ» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ጤና ጣቢያው የውሻ ቤት የለውም፣ ፖሊስ ጣቢያውም፣ ወረዳውም። ዛሬ የሚደረገው ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ከእኛ አንዱ ስልክ ያነሳና ከተንከባካቢዎቹ አንዱን ይለምናል፤ እሱም ውሻውን ፈልጎ፣ ይዞ፣ ጓሮው አስሮ፣ ከኪሱ እየመገበ አሥሩን ቀን ይቆጥርልናል፤ በየቀኑም ደውሎ በልቷል አልበላም ይለናል። ጸሐፊው መጠየቅ የለባቸውም ያሏቸው እነዚህን ሰዎች ነው። በማን ግቢ፣ በማን ወጪ፣ ያዡ ራሱ ቢነከስ በማን ኃላፊነት እንደሚሆን የሚደነግገውን አንቀጽ ከእነሱ ውጭ ማን ሊጽፈው እንዳሰቡ ቢያስረዱን፣ ተከታዩን ጽሑፋቸውን እጠብቃለሁ።